ከጸሎት ቤቱ ጥዶች ሥር

ኬሌራ በችግኝ ጣቢያው አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራሽ ምንድን ነው ያላት ሰው ቢኖር «ላስቲክ ውስጥ አፈር እጠቀጥቃለሁ» ትላለች። ውሸት አይደለም፣ ግን የምትናገረው ግማሹን ነው። እኛ ያለንበት የፊጂ ምዕራብ ኮረብታው ሁሉ ራሰ በራ ነው፤ ሣር እንጂ ዛፍ አያውቅም። ጥድ ስትተክልበት ችግኙ አንድ ጣት ያህል ያድግና ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ውኃ ብታጠጣው ያው፣ ማዳበሪያ ብትሰጠው ያው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ያንን ነገር ያሳያት የጣቢያው የድሮ ሹም ሙኒ ሳሚ ነበር። ከጸሎት ቤታችን ጀርባ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ስድስት ጥዶች አሉ፤ ሚስዮኖቹ ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ከነአፈራቸው ያመጧቸው ናቸው። ሙኒ ሳሚ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጎ ጥቁሩን አፈር ዘገነና አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ውስጡ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ተወሳስቧል።

«ሻጋታ ነው እኮ» አለችው።

«አዎ ሻጋታ ነው። ከሥሩ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ሻጋታ። ዛፉ ስኳር ይመግበዋል፣ እሱ ደግሞ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ቀለብ ያመጣለታል። ያለሱ ጥድ ማለት ወንደላጤ ነው፣ ጾሙን ነው የሚያድረው።»

ከዚያ ወዲህ ኬሌራ በየዓመቱ ያንን አፈር በኮኮናት ቅጠል ቅርጫት እየተሸከመች ታመጣለች። ለአሥር ቅርጫት የኮረብታ አፈር አንድ ቅርጫት የጸሎት ቤት አፈር ትቀላቅላለች። ሴቶቹ እርሾው ይሉታል። ሙኒ ሳሚ ጡረታ ወጥቶ ሌላኛው ደሴት ልጁ ዘንድ ሲሄድ፣ በቦታው የተሾመው ዋይሳኬ ሆነ፤ የኬሌራ ታናሽ ወንድም።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት ዋይሳኬ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ኬሌራ አሥራ አራት። አዝላም አጉርሳም ያሳደገችው እሷ ናት። አሥር ዓመት ሲሞላው ግን እንደ ወጋችን ዝም ተባባሉ። እኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ ወዲያ አይነጋገሩም። መከባበር ነው እንጂ ጠብ አይደለም፤ የሚባል ነገር ካለ በሰው ይላካል። ይኸው ሃያ ዓመት፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ። እኔ ወጉን አልነቅፍም፣ አባቶቻችን ያለ ምክንያት አላመጡትም። ግን ያዘልሽውን ልጅ ከሩቅ እያየሽ መንገድ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀላል ነው የሚል ካለ ይዋሻል።

ዋይሳኬ ዋና ከተማው ሱቫ ሦስት ዓመት የደን ትምህርት ተምሮ ነው የመጣው። ሞኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ሺህ ቡቃያ አንገቱ በስብሶ መውደቁን ከመዝገቡ አነበበ፤ በሽታው ከአፈር እንደሚመጣም ተምሯል። ስለዚህ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ አፈሩ ሁሉ በበርሜል እሳት ላይ እንዲቆላ አዘዘ፤ ከጸሎት ቤቱም አንዲት ጭብጥ አፈር እንዳትመጣ። የሙከራ ዓመቱ ነው። ለጥር ዝናብ አርባ ሺህ ችግኝ ካላደረሰ ሹመቱ አበቃ፣ ይህንን መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ኬሌራ በርሜሎቹ ሲጨሱ አይታ ደነገጠች። እሳቱ በሽታውን ይገድላል፣ እርሾውንም አይምርም። ወዲያው አጠገቧ ላስቲክ ወደምትሞላው ወደ ሜሬዋይ ዞረች። ሜሬዋይ የዋይሳኬ ሚስት ናት፤ የኬሌራ መልእክት በእሷ በኩል ነው የሚሄደው።

«አንቺ፣ ለባልሽ ንገሪልኝ። አፈሩን ይቁላው፣ ግድ የለም። ከቆላው በኋላ ግን የጸሎት ቤቱን እንቀላቅልበት። ካለዚያ ቢጫ ሆኖ ይቀራል በዪው።»

ሜሬዋይ ሳቀች። የወንድም ሚስትና የባል እህት ካልተላከፉ አገር ሰላም ነው አይባልም። «ሦስት ዓመት የተማረ ሰው ካንቺ ሻጋታ ሊማር ነው?»

«ሦስት ዓመት ተምሮ አንቺን ያገባ ሰው፣ ምኑን ተማረው?»

«እሺ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ምላስሽን ሰብስቢ።»

በማግስቱ ኬሌራ ጠየቀቻት። ሜሬዋይ ከላስቲኩ ቀና ሳትል «ነገርኩት። አስብበታለሁ ብሏል» አለች።

ሐምሌ ገባ፣ በርሜሉ መጨሱን ቀጠለ። ኬሌራ ሁለት ጊዜ ደግማ ላከች፤ መልሱ አንዴ «ሥራ በዝቶበታል»፣ አንዴ «ሰምቷል አልኩሽ እኮ» ሆነ። ነሐሴ ላይ መደቦቹ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ መቱ። ዋይሳኬ ማዳበሪያ ጨመረ፣ ባሰበት። ያዘልኩት ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ይበለኝ? አለች ኬሌራ ለራሷ፤ ተቀየመችው፣ ክፉኛ ነው የተቀየመችው። ቢሆንም አላስችላት ብሎ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሳይኖር ሁለት ቅርጫት አፈር ከጸሎት ቤቱ አምጥታ ከውኃ ገንዳው አጠገብ ላለው መደብ ብቻ አለበሰችው። የሹሙን ትእዛዝ መጣስ መሆኑን አውቃለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዋይሳኬ ሴቶቹን ሰበሰበ። ፊቱ ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። «ቢጫው በሽታ ነው» አላቸው። «ወደ ሌሎቹ ጣቢያዎች ሳይዛመት ነቅለን እናቃጥለዋለን። እንደገና እንዘራለን።» እንደገና ቢዘራ ለጥር እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። አርባው ሺህ ከተነቀለ የሚነቀለው እሱ ራሱ ነው።

ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። ኬሌራ «ተዉ፣ አትንቀሉ። ንገሩት እንጂ» አለች። ወደ ሜሬዋይ ዞረች። ሜሬዋይ አንገቷን ደፋች።

«ዋይሳኬ» አለች ኬሌራ።

ሴቶቹ ከያዙት ጋር ደርቀው ቀሩ። አንዷ አሮጊት አፏን በእጇ ያዘች።

«ከገንዳው አጠገብ ካለው መደብ አንዱን ንቀል። ከዚህ ከቢጫውም አንዱን ንቀል። ሥሮቻቸውን አጥበህ እይ። ከዚያ ማቃጠል ከፈለግህ አቃጥል።»

ዋይሳኬ አላያትም። ግን ሄዶ እንዳለችው አደረገ፤ ሁለቱን ነቅሎ ገንዳው ውስጥ አጠባቸው። የቢጫው ሥር እንደ ሲባጎ ራቁቱን ነው። የአረንጓዴው ጫፍ ጫፉ ተባዝቶ፣ ደንድኖ፣ ነጭ ለብሷል። ትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር አንድ ገጽ ነበረች፤ አንብቧት ለፈተና መልሷታል፣ ከዚያ ረስቷታል።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለ፣ ሴቶቹን እያየ።

«እኔ ነኝ» አለች ኬሌራ።

አሁን ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ከሃያ ዓመት በኋላ ያላት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ሦስት ጊዜ ላክሁብህ።»

«ማንም የነገረኝ የለም።»

ሜሬዋይ የያዘችውን ላስቲክ አስቀመጠች። «ያልነገርኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ከተሾምህ ገና ሳምንትህ ነበር። የመጀመሪያ ትእዛዙን እህቱ አፈረሰችበት እንዳይባል ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል…» አለቀሰች። ማንም አልተቆጣትም፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ከነበሩት ሴቶች አንዷም በእሷ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

ዋይሳኬ «ቅርጫት አምጡ» አለ። «አሁን አንገታቸው ጠንክሯል፣ ብስባሱ አይነካቸውም።» በሦስት ቀን ለእያንዳንዷ ላስቲክ አንድ ጭብጥ አፈር ደረሳት። ኅዳር ላይ ቢጫው መልቀቅ ጀመረ። ጥር ሲገባ ሠላሳ ስድስት ሺህ ችግኝ ኮረብታ ወጣ፤ አርባ ባይሞላም አለቆቹ በቂ ነው አሉ፣ ዋይሳኬም በሹመቱ ቀረ።

አፈር ማመላለስ በተጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ግን፣ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሲወርዱ፣ ሁለቱ ጥዶቹ ሥር ወደኋላ ቀሩ። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ ትሞላለች። ኬሌራን «ማንም የነገረኝ የለም» ካላት ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክናት ነበር።

«ዋይሳኬ፣ አባባ ሊሞት ሲል ሱቫ ልኬብህ ነበር። በሾፌሩ በኢሊያሳ።»

«ነግሮኛል። አባትህን ትንሽ አሞታል አለኝ። ፈተናዬን ጨርሼ መጣሁ፣ ተቀብሮ ደረስኩ።»

«እኔ ያልኩት ስምህን እየጠራ ነው፣ ዛሬውኑ ና በለው ነው።»

ዋይሳኬ መቆፈሩን ተወ። ኢሊያሳ ልጁ እንዳይደነግጥ ብሎ ይሆናል ያለዘበው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ኬሌራ ግን ለዚያ ቀብር አምስት ዓመት ሙሉ ወንድሟን በልቧ ስትረግመው ኖራለች።

«ብዙ ጠራኝ?» አላት።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለችው። «እኔም መኪና ላይ ነው፣ እየመጣ ነው እያልኩ ዋሸሁት።»