ከላይ የተገጠመው መቀርቀሪያ

ጎባ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ ኖሬ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ሮቤ ላይ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥገና ክፍል አናጺ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የሴቶች ማደሪያ በር ማቃናት ነበር። መሮና መላጊያዬን ይዤ ዘው ልል ስል የማደሪያው ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ መንገዱን ዘጋችብኝ። «ወዴት ነው አባቴ? መጀመሪያ ይጮሃል እንጂ!» ለካ ደንቡ ወንድ ሠራተኛ ሲገባ ፕሮክተሯ ከፊት ከፊት እየሄደች «ወንድ አለ!» ማለት ነው። የዚያን ቀን ግን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ምን ይደረግ፣ እኔው በራሴ ላይ «ወንድ አለ! ወንድ አለ!» እያልኩ ሁለት ፎቅ ወጣሁ። ልጆቹ ሻርፓቸውን እያፈላለጉ በሳቅ ሞቱ። አንዷማ «አይተንዎታል ጋሼ፣ ይበቃል!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት በር ጠገንኩ። ተማሪ በር የሚከፍተው በእግሩ ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ እኔም ያበጠውን ስልግ፣ የተኮማተረውን ስሞላ ኖርኩ። አልከፈት ያለ በር ግቢው ውስጥ ካለ የምጠራው እኔ ታደሰ ነኝ።

ያለ ቅጽ አንዲት ምስማር አንመታም። ጠያቂው ስሙንና ምክንያቱን ይሞላል። እኔ ምን እንደገጠምኩ፣ በየት በኩልና በስንት ከፍታ እንደገጠምኩ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም ፈርመን አንዱ ቅጂ ፋይል ይገባል። ከፍታ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ኢንጂነር ከድር በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ እኮ ሰማይንም ቢያገኙ ይለኩታል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አንድ መምህር ነበር፣ ስሙ ይቅር። «አካም ጂርቱ ጋሼ!» ብሎ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም፤ ሻይ ይጋብዛል፣ ጨዋታ ያውቃል። አንድ ቀን ቅጽ ሞልቶ መጣ። የቢሮው በር መስታወት ላይ ወረቀት እንዲለጠፍ፣ ከውስጥ ደግሞ መቀርቀሪያ እንዲገጠምለት ፈለገ።

«ተማሪ ሳያንኳኳ እየገባ ፈተና ማረም አቃተኝ» አለ። ደረት ላይ ልገጥም ስለካ «ኧረ ከላይ ያድርጉልኝ፣ መሃል ላይ በሩን ያበላሸዋል» አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ሁለት ሜትር ላይ፣ ተንጠራርቼ ገጠምኩለት። ስዘጋው ስከፍተው ቅቤ ሆነ። ቅጹ ላይ «ከውስጥ፣ ሁለት ሜትር» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረመ፣ ፈረምኩ። በሥራዬም ኮራሁ፤ አይ ሞኝነት!

ወር ሳይሞላ፣ በምሳ ሰዓት፣ እዚያው ኮሪደር መሰላል ላይ ቆሜ የጎረቤቱን ቢሮ በር አቃናለሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። የመምህሩ በር ከውስጥ ተንገጫገጨ። «ክፈትልኝ! ክፈትልኝ እልሃለሁ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ከመሰላሉ ዘልዬ ወርጄ በመዶሻዬ በሩን ደበደብኩት። «ጥገና! ክፈቱ! ጥገና ነው!»

ተከፈተ። ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በጎኔ ሾልካ ወጣች። መምህሩ እየሳቀ «ውጤቷ ወርዶባት እኮ ነው የምታለቅሰው» አለ። ወዲያው በሩን መልሶ ዘጋ።

ሰሚራ ትባላለች፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የጎሮ ልጅ ናት። ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም። መሰላሌ ሥር ቁጭ አለችና ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት።

«ውጤትሽን እናስተካክል ብሎ ጠርቶኝ ነው። ስገባ በሩን ዘጋው። ሲይዘኝ ገፍትሬው ወደ በሩ ሮጥኩ፤ መቀርቀሪያው ግን ራቀብኝ ጋሼ። ዘለልኩ እኮ!»

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች። «ታዲያ ይመሰክሩልኛል? እሱ ኮርሱን ከጣለኝ እባረራለሁ። ብናገር ደግሞ ማን ያምነኛል?»

«እመሰክራለሁ» አልኳት።

በማግስቱ አብረን ሄደን ሥርዓተ ጾታ ክፍል አመለከተች። ከድር ሲሰማ ጠራኝ። «ጋሽ ታደሰ፣ ወላሂ ለእርስዎ አስቤ ነው። በር ላይ አዲስ ነገር ለመግጠም ከቅጹ ሌላ የሕንፃ ክፍል ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ያለዚያ ነው የገጠሙት፤ ሊያስባርርዎት ይችላል። ጡረታዎ ደግሞ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ቅጹ ጠፋ ቢባልስ?»

«አልጠፋም። ከፋይሉ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።»

ራሱን ያዘ። በመጨረሻ «በሉ እንግዲያው ኮፒ አስነሥተው ዋናውን ፋይል ይመልሱት። ሥራ በሥርዓቱ ይሁን» አለኝ። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግኩ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት መምህሩ ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። «በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው። መቀርቀሪያ የሚባል ነገር የለኝም» አለ። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ኮሚቴው ተነሥቶ በሩን እንዲያይ ጠየቅኩ።

እውነትም መቀርቀሪያው የለም። ነቅሎታል፤ ቀዳዳዎቹን ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቷል። ቅቡ ግን ምን ዓይነት ቅብ ነው! ስቱኮው ሳይደርቅ፣ በሌላ ቀለም! በካቻቢቴ ጫን ሳደርገው ረገፈ። አራት ቀዳዳ ወጣ። ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ሁለት ሜትር። ሰብሳቢዋ ቅጹንና ፊርማውን አየች፣ ከዚያ ሰሚራን አየቻት።

«መቀርቀሪያ እዚህ ላይ ነው የሚገጠመው?» አለችኝ።

«አይደለም። ደረት ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን ገጠሙት?»

«መሃል ላይ በሩን ያበላሸዋል ሲለኝ አምኜ፣ ለምን ከላይ ፈለግከው ብዬ አጥብቄ ስላልጠየቅኩት።»

መምህሩ ከሥራ ተሰናበተ። የሰሚራን ፈተና ሌላ መምህር አረመው፤ ሲ ፕላስ አገኘች። «ያጠናሁት ለሲ ፕላስ ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል፣ ፈረምኩ። ከዚያ ከከድር ጋር ሳምንት ሙሉ እየዞርን ከየቢሮው በር መስታወት ወረቀት ስንልጥ፣ መቀርቀሪያ ስንነቅል ከረምን። ያኮረፈን መምህር አልጠፋም፤ ቅጽ ይሙላ አልን።

ለወጣት አናጺዎች የምለው ይኼን ነው። በር ላይ የምትገጥሙትን ነገር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መክፈት መቻል አለበት። ከፍ አድርግልኝ የሚል ሲመጣ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ባለመጠየቄ አንዲት ልጅ ዘልላ አልደረሰችም።