ወደ ጉበት ምርመራ የሚወስደው ቀስት

ባለፈው ቅዳሜ ከቁስቋም ስወርድ ካፊያ ጀመረ። መንገድ ዳር የሚጠበስ በቆሎ ሸተተኝና ገዝቼ እየጋጥኩ ሄድኩ። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ክረምት ይመልሰኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። ሥራዬ አግዳሚው ላይ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ስለ ሄፓታይተስ ሲ ማስረዳት ነበር። ማስረዳት ያኔም እወድ ነበር፤ አስተማሪ የሆንኩት በአጋጣሚ አይደለም። ቫይረሱ በደም እንደሚተላለፍ፣ ጉበትን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ እንደሚጎዳ፣ ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ እንደማይገባ ካርቶን ላይ ሥዬ አሳይ ነበር። ኮሪደሩ ላይም «የጉበት ምርመራ» የሚል ትልቅ ቀይ ቀስት ለጠፍኩ። ሰው ሰምቶ ይመርቀኛል፤ ቀስቱን ተከትሎ የሚሄድ ግን የለም።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። በክረምት በቆሎ እየጠበሱ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ሲወልዱ ደም እንደተሰጣቸው አውቅ ስለነበር ፈራሁላቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ይመርመሩ። አንድ ጠብታ ደም ብቻ ነው።»

«በዚያ ቀስት? ግማሹ እድር እዚህ ተቀምጦ?» አሉ በሹክሹክታ። «ቤቴ ሳልደርስ ተዝካሬን ይበሉልኛል!»

ነርሷ ሲስተር አልማዝ ሰምታ ሳቀች። «በይ ቀስቱን ንቀዪው» አለችኝ። መመርመሪያውን ግፊት ወደምትለካበት ጠረጴዛ አመጣችና ግፊታቸውን ለክታ ስትጨርስ ጣታቸውን ወጋ አደረገች። ከዚያ በኋላ ለግፊት የተቀመጠ ሁሉ «ጣትም አለበት እንዴ?» እያለ እጁን ይዘረጋ ጀመር።

የእትዬ መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ታየ፤ ቫይረሱ ሳይኖርባቸው አይቀርም ማለት ነው። ሲስተር ወደ ውስጥ ጠርታ ነገረቻቸው። እኔ ወዲያው ጀመርኩ፤ «ይሄ የመጀመሪያው ምርመራ ነው፣ ሁለተኛ አለ፣ መድኃኒቱም...»

«ቆዪ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው ከሰል ከሰል ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አብረን ሰማን።

ሁለተኛውም ምርመራ አረጋገጠ። ሆስፒታል ተልከው ለሦስት ወር ክኒን ዋጡና ዳኑ። ዛሬም አሉ፤ ጥርሳቸው ብቻ በቆሎ እምቢ ብሏል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ያጨበጭባሉ። ለእኔ ግን የሚታዩኝ ቀስቱ ከመነቀሉ በፊት የመጡት ናቸው፤ አዳምጠው፣ መርቀውኝ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው በበሩ የወጡት። የአንዳንዶቹን ፊት አሁንም አስታውሳለሁ። ስማቸውን ግን አልጠየቅኩም ነበር።