የሬይስኬ ሳህን ክዳን

«ዝም በል ንፋሱ፣ ሸምበቆውን ተወው፤
ልጄ ገና ተኛ፣ እንዳትቀሰቅሰው…»

ፉሳኤ ከዚህ አታልፍም። ሦስተኛውን ስንኝ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሰሉን በትከሻዋ ተሸክማ ስትወርድ፣ ከተራራው መንገድ አንዱ ቦታ ጥላዋለች። እዚያ ስትደርስ ባፍንጫዋ ታንጎራጉርና ተመልሳ ከመጀመሪያው ትነሣለች።

ባሏ የሞተው ልጇ ሬይስኬ በእግሩ ሳይቆም ነው። ከሰል ተሸክማ አሳደገችው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው የአብራሪ ትምህርት ቤት ወረቀት ይዞላት መጣ፤ ወረቀቱ የወላጅ ማኅተም ይፈልጋል። «እማ፣ አንዴ ብቻ ጫን አድርጊልኝ» አላት እየሳቀ። ጫን አደረገችለት። ያ ቀይ ቀለም እስከ ዛሬ ከመዳፏ የለቀቀ አይመስላትም።

ከሄደ ወዲህ ገበታው በየጠዋቱ ይቀርባል፤ ሩዝ ከተገኘ ሩዝ፣ ካልተገኘ ስኳር ድንች፣ በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅልና ክዳን ያለው የሾርባ ሳህን። በአገሩ ልማድ፣ ሩቅ ያለ ሰው እንዳይርበው ምግቡ ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ አልቦት ከተገኘ ሰውየው በሕይወት አለ ይባላል። ፉሳኤ ያንን ላብ ሳታይ እህል ባፏ አይዞርም።

ጎረቤቷ እትዬ ቶኩ ይተርቧት ነበር።

«አንቺ፣ ትኩስ ነገር ከድነውት የማያልበው የት አገር ነው? የእኔም ድስት እኮ ያልበዋል፤ ሽማግሌዬ ግን ካፈር ከገባ ስድስት ዓመቱ!»

«የእርስዎ ድስትማ የሚያልበው አፍዎን ፈርቶ ነው።»

ዝናቡ ሊገባ ሲል የአሜሪካ አውሮፕላኖች በባሕሩ በኩል ይመላለሱ ጀመር። የመንደሩ ሹም ጌንሳኩ ቀን ጭስ፣ ማታ ብርሃን እንዳይታይ ከለከለ። ፉሳኤ የቀዘቀዘ ሾርባ አቀረበች። ክዳኑን ስታነሣው ደረቅ ነው። ምክንያቱን እያወቀች የመብያ እንጨቶቿን መልሳ አስቀመጠች። በማግስቱም ደረቅ። በሦስተኛውም ቀን።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ላይ ውጊያ ሆነ። አውሮፕላኖቹ እንደ ጭልፊት ይዟዟራሉ፤ የመትረየሱ ድምፅ አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። ከታች ላለ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። አንዱ እየነደደ ከተራራው ጀርባ ወረደ፤ ነጭ ዣንጥላ ከላዩ ተለይቶ ቀረ። ወንዶቹ በቀርከሃ ጦር ሮጡ። ፉሳኤ በባዶ ሆዷ ቀደመቻቸው።

አብራሪው ከዝግባው ሥር ወድቋል። ፀጉሩ ቢጫ ነው። ሞቷል።

«ልጄ አይደለም!» አለች፤ ሳቀችም። ሳቋ ከጫካው ተመልሶ ለራሷ ጆሮ ሲደርስ ነው ያፈረችው። የልጁ ጉንጭ ገና ጢም አላወጣም።

ጌንሳኩ ጦሩን አነሣ።

«ተው ጋሽ ጌንሳኩ። ሰው ሁለቴ አይሞትም።» የራስ ፎጣዋን ፈትታ ፊቱን ሸፈነችው።

«ፎጣሽን ለጠላት?»

«የራሴ ፎጣ ነው።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ ሾርባው አሁንም ቀዝቃዛ፣ ክዳኑም ደረቅ እንደሆነ፣ አንድ ወጣት ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ ደጇ ቆመ። ለሟች ወታደር ቤተሰብ የምትሰጠውን፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ሳጥን ይዟል። ኒዋ ነው፤ ሬይስኬ በደብዳቤው ሁሉ የሚያነሣው፣ አብሮት የሚበረው ጓደኛው።

«እናቴ…» ብሎ ቀረ።

«መቼ ነው?»

«ገብሱ ሲታጨድ። አሜሪካኖቹ ከፀሐይዋ ውስጥ ወረዱብን። እሱ ከፊቴ ነበር፤ ነደደ። እስከ ባሕሩ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው ሳልመጣ የቆየሁት። ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው።»

ፉሳኤ በጣቷ ቆጠረች። ከነዚያ ውስጥ ሠላሳ ሰባቱን ቀን ክዳኑ አልቦላት ነበር። ሠላሳ ሰባት ቀን ልጄ አለ ብላ በልታለች።

እትዬ ቶኩ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሰምተዋል።

«ይዘፍን ነበር?» አለች ፉሳኤ።

«ሁልጊዜ። ስለ ንፋስና ስለ ሸምበቆ። ሁለት ስንኝ ይልና ያፏጫል። ‹ቀጥል እንጂ› ስንለው፣ ‹እናቴም እዚህ ላይ ነው የምታቆመው› ይለናል።»

«እህል ቀምሰሃል?» አለችው።

«ከትናንት ጀምሮ…»

ገብታ እሳት አነደደች። ጭሱ በጣራው ሣር መሐል ሾልኮ ወጣ። ወዲያው ጌንሳኩ ከመንገድ ላይ ጮኸ፤ «አንቺ ሴትዮ! አውሮፕላን ልትጠሪብን ነው?»

እትዬ ቶኩ መጥረጊያቸውን ይዘው በሩ ላይ ተገተሩ። «ለቅሶ ቤት ነው! ሂድልኝ ከዚህ፤ ደመናው ጣራ ላይ ተኝቶ ምኑን ያዩታል?»

ሾርባው ፈላ። ፉሳኤ የሬይስኬን ገበታ ከኒዋ ፊት አኖረች። ልጁ ክዳኑን ቢያነሣው ውሃው ጠብ ጠብ አለ። ልማዱን ያውቃልና ክዳኑን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«እንፋሎት ነው» አለችው። «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ለራሷም ቀዳች። ከዚያ ተቀመጠችና በአራተኛ ቀኗ በላች።