ባለቤቴን በምርጫ ክርክር የነጠቀኝ መምህር

ዛሬ ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ባለቤቴ ታደለች ስለ ምርጫው ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። የምታወራው ግን ለእኔ አልነበረም።

እናቷን ልንጠይቅ እየሄድን ነበር። ጎን ለጎን ቦታ ስላጣን እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ፤ ከእሷ ጎን ደግሞ አብሯት የሚያስተምረው መምህር ኤርሚያስ።

ተሳፋሪው ሁሉ የትኛው ፓርቲ ይሻላል እያለ ይጯጯሃል። እኔም ለምደግፈው ፓርቲ ድምፄ እስኪዘጋ ተከራከርኩ። (ሹፌሩ ሳይቀር ሙዚቃውን ከፍ አደረገብኝ።)

ኤርሚያስ ግን ወደ ታደለች ዞር ብሎ፣ «አንቺን ምንድን ነው የሚያሳስብሽ?» አላት።

ከዚያማ ማን ያስቁማት! እህቷ አምቡላንስ አጥታ መንገድ ላይ መውለዷን ነገረችው። «ይህን ጉዳይ ከምር የሚያነሳ ካገኘሁ እሱን ነው የምመርጠው» አለች።

ቅናት አንገበገበኝ። ክረምቱን ሙሉ እኔ ስሰብካት ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣትም እኮ!

ከመኪናው እንደወረድን፣ «ለእኔ ያልነገርሽኝን ለእሱ?» አልኳት።

«አንተ ይህን ፓርቲ ምረጪ አልከኝ እንጂ መቼ ጠየቅከኝ?»

ትንሽ እንደሄድን፣ «እሺ፣ ማንን ልትመርጪ ነው?» አልኳት።

«ድምፅ ምስጢር ነው!» ብላ ሳቀች።

«ለኤርሚያስስ?»

«ለእሱም አልነግረውም።»

እውነቴን ነው፣ ፓርቲዬ ያሸነፈ ያህል ደስ አለኝ።

እናንተስ? ምርጫ በትዳር ያስቀናችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ብቅ በሉ፤ ብቻዬን አታስቀሩኝ።