ለሐይቁ ጀልባ የተመረጠው ካምሻፍት

ያኔ ዝዋይ እንላት በነበረችው በባቱ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነበር። ከሐይቁ ማዶ የሚያዘው ዓሣ በመቅዘፊያ ጀልባ እስኪመጣ ፀሐይ ይመታውና ይበላሽ ነበር። የማኅበሩ ኃላፊ ከተገለበጠ መኪና የወጣ የቤንዚን ሞተር ከነማርሹ ጀልባ ላይ ሊያስገጥም አሰበና ባለቤቴን ከናዝሬት አስጠራው። ባለቤቴ የሞተር መካኒክ ነበር። ከተጋባን ብዙ አልቆየንም።

ዘመኑ ወጣት ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመልበት ነው። በቀበሌያችን የባለቤቴ ተራ ደርሶ ነበር። ኃላፊው ጀልባዋ ከፈጠነች ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ እንደሚያስቀረው ቃል ገባለት። ለሥራው የግድ ያስፈልጋል የተባለ ሰው አይነካም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው ቤታችን ውስጥ ነው፤ በዚያ ሰሞን የጸሎታችን ርዕስ ይህ ሞተር ሆነ።

ካምሻፍት ጉብጉብ ያለበት ዘንግ ነው። ሲዞር ጉብታዎቹ ቫልቮቹን እየገፉ ይከፍታሉ፤ መልሶ የሚዘጋቸው ሞላ ነው። ጉብታው ከፍ ባለ መጠን ሞተሩ ብዙ አየር ስቦ ይፈጥናል። ሞላው ግን የዚያኑ ያህል መጠንከር አለበት፤ አለዚያ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስቶኑ ደርሶ ይመታዋል። ይህን ያወቅሁት የእንግሊዝኛውን የሞተር መጽሐፍ ማታ ማታ እያነበብኩለት ነው። ብዙውን ሳልጨርሰው ያውቀው ነበር። ቢሆንም አንብቢልኝ ይለኛል።

በመጨረሻ ሁለት ካምሻፍት ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አስቀመጠ። አንዱ የራሱ የሞተሩ ነው፤ ጉብታው ዝቅ ያለ፣ ረጋ ብሎ የሚሠራ። ሌላው ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ሲሆን ከውራጅ ብረት ነጋዴ ያገኘው ነበር። ለሁለተኛው የሚሆን ሞላ አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጎ አጣ። ስለዚህ ምርጫው የመጀመሪያው ነበር፤ በዚህ ቀስ ብለን እንደርሳለን ብሎ ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው ቀስ ብሎ ለመድረስማ መቅዘፊያም አለን ብሎ መለሰለት።

የእሽቅድምድሙ ካምሻፍት ገባ። ባለቤቴ በየሞላው ሥር በቶርኖ የተሠራ ቀለበት እየጨመረ አጠበቃቸው። ጭነት እስካለበት ሞተሩ ይችለዋል፤ ሙሉ ጋዝ እንደተሰጠ ፎሌ ከተደረገ ግን ሞላው ቫልቩን ለመዝጋት አይደርስም አለኝ። ፎሌ ሲሆን ማርሹ ይለቀቃል፤ ሞተሩ የሚገፋው ነገር ስለሌለ ብቻውን ይጮሃል።

ጀልባዋን እንዲነዳ ማርሽ ያውቃል ተብሎ የተመደበው የደራ ሰው ነበር፤ በዕድሜ የገፋ የጭነት መኪና ሾፌር። ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ብቻውን ያሳድጋል። ቤንዚን በራሽን በነበረበት በዚያ ዘመን ከአሰላ ወደ ደራ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ፎሌ ያደርግ ነበር። መኪና ላይ እግር ከጋዙ ይነሣል፤ የጀልባዋ ጋዝ ግን በእጅ የሚሳብ ሆኖ በተተወበት የሚቆይ ነው። ባለቤቴ ደጋግሞ አስጠነቀቀው። ሰውየው፣ «አንተ ልጅ፣ ሟች ሚስቴም እንዲህ አልጨቀጨቀችኝ» ብሎ አሳቀን።

በሙከራው ቀን ከበላይ እንግዶች መጥተው ነበር። እኔም በአውቶቡስ ሄድኩ። አስጋሪዎቹ ሾፌሩን፣ «ጉማሬ መንገድ ካቋረጠብህ ክላክስ አድርግ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጀልባዋ ስትነሣ ግን ሁሉም ወደ ውሃው ጫፍ ተጠጉ። እንደዚያ የሚፈጥን ነገር በዚያ ውሃ ላይ አላዩም። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጦ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ነበር።

ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላቸው ሆነ፤ ማዕበሉም ወደ ዳር ይገፋቸው ጀመር። ሾፌሩ ቁልቁለት የደረሰ መስሎት ጋዙን ሳይቀንስ ፎሌ ያደረገ መሰለኝ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ብረት ተሰበረ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም። በመቅዘፊያ ጀልባ ሄደው ጎትተው አመጧቸው።

ኃላፊው እንግዶቹ ፊት ይህ አሻጥር ነው አለ። ያኔ ያ ቃል ሰው ያሳስር ነበር፤ ከዚያም የባሰ ያደርግ ነበር። ማን እንደሠራው ጠየቀ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ባለቤቴ እሱን አላየውም።

«ጓድ፣ ሞላው ነው ያልቻለው። ያጠበቅሁትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ። አሻጥር አይደለም፤ የኔ ስሕተት ነው።»

ካምሻፍቱን ማን እንዳዘዘ ኃላፊው ያውቅ ነበር። ነገሩን በዚያው የዘጋው ለዚህ ይመስለኛል። የሚሳሳት መካኒክ ግን ማኅበሩ አያስፈልገውም አለ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ሞጆን አለፍን። ከዚያ ለምን እውነቱን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት።

«ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«እኛስ?»

«እኛ ገና ልጅ የለንም» አለ።

በዚያው ወር ወሰዱት። ከማሠልጠኛው ደኅና ነኝ የሚል ቃል በሰው ላከ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። መርዶውን የነገሩኝ የቀበሌ ሰዎች ናቸው።

ለልቅሶ ከመጡት መካከል ሾፌሩ ነበር። በር አጠገብ ተቀምጦ ሰው እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ እሱ ስለ እኔ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ምንም አላለኝም» አልኩት።

እግዜር ያጽናሽ ብሎኝ ወጣ። ባለቤቴ እንዲያ ብዬ እንድመልስለት ይወድ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን የወሰደለት ለልጆቹ ብሎ እንደሆነ ልነግረው እፈልግ ነበር።