አባቴ ጀልባ በጆሮው የመረጠ ዕለት

ጠዋት ነው፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር... ሁለት ያገለገሉ ሞተር ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ አባቴ ከፊታቸው ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። ጀልባ ሊመርጥ መጥቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው እስከ ዛሬ ከሱ ሌላ አላየሁም።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ለሲቀላ ሰፈር ጓደኞቼ በሙሉ «ጀልባ ልንገዛ ነው» ብዬ አስቀድሜ ጉራዬን ነፍቼ ጨርሻለሁ። ልቤ ያረፈው በባለ አርባ ፈረስ ጉልበቷ ላይ ነበር። ሰማያዊ ናት፣ ሞተሯ መነሳቱ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ሌላኛዋ ባለ ስምንት ናት። ቀለሟ የተላጠ፣ ጭሷ የሚያስነጥስ፣ ገመዷ ሲሳብ ወፍጮ ቤት የገባችሁ የሚመስላችሁ።

«ትንሿን እስቲ ድገማት» አለ አባቴ።

ሻጩ ንግድ ሊቀይር የተነሳ የአሳ ነጋዴ ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ አልደበቀም። «ጋሽ መና፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የዚች ጩኸት ራስ ያዞራል። ጭስ ማውጫዋ ተሰንጥቋል። ላስበይዳትና ከዚያ ተመልሰህ እያት» አለው።

«እንዳትነካት» አለ አባቴ ቆጣ ብሎ።

እኔ በንዴት ጦፍኩ። እናቴ ግን ከጎኔ ሆና ፈገግ ስትል አየኋት... ያኔ ነገሩ ገባኝ።

እናቴ የመዘምራን መሪ ነበረች። ጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገ ወዲህ ዝም አለች። ቤት ውስጥ እንዳትዘምር ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት አለ፣ ከጎረቤቱ ወዲያ ቀበሌ አለ፤ በመዝሙር የታሰሩ ሰዎችን እናውቃለን። ዝምታው ሲሰነብት ጨዋታውንም ምግቡንም ተወችው። አባቴ «ይቺ ሴት እያየኋት ከእጄ ልታልቅ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ስለ ጀልባ ማውራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ትልቋን ሞከሩ። እናቴ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ። ሞተሩ ተነሳ፣ አባቴ በጥቅሻ «በይ» አላት። ገና አንድ ስንኝ ሳትጨርስ ዳር የቆመው ሻጭ ዞር አለ። እናቴ ሳል አስመስላ አመለጠች።

ቀጥሎ ትንሿ። የእናቴ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፣ የአንገቷ ስር ይገታተራል... ከወፍጮው ጩኸት በቀር አንዲት ድምፅ የለም። አባቴ ፊቱ በራ።

«ይቺን ወስጃለሁ» አለ።

«በጤናህ ነው ጋሽ መና?»

«ቤንዚን ቆጣቢ ናት።»

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ «አሳ ልናጠምድ» እንወጣለን። እናቴ መሃል ሐይቅ ላይ ጉሮሮዋ እስኪበቃው ትዘምራለች፤ ሰሚው አዞና ጉማሬ ነው። መብላት ጀመረች፣ መሳቅ ጀመረች፣ ከአባቴ ጋር መጨቃጨቅም ጀመረች። እንዴት ደስ እንዳለን አትጠይቁኝ።

ሰው ግን ሲደላው ይደፍራል። አንድ እሁድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሐይቁ ዳር ጠበቀን። «ጋሽ መና፣ ማዶ ያሉትን አሳ አስጋሪዎች ለስብሰባ ልቀሰቅስ ነው፤ አድርሰኝ» አለ። እምቢ አይባል ነገር... መሃላችን ተቀመጠ። አባቴ እናቴን በዓይኑ ለመናት። እሷ ወይ ፍንክች፣ ጀልባዋን አምናታለች። ገና ሞተሯ ሲነሳ አፏ ተከፈተ። ሰውየው ጀርባዋን እያየ ተቀምጦ ምንም አይሰማም። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሼ ውሃ ውሃውን አያለሁ።

መሃል ላይ ስንደርስ ሞተሯ ትን አላትና... ጸጥ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ መዝሙሩ ይዟታል። «ሃሌሉያ» የሚለውን ይዛ ሽቅብ ወጣች፣ ድምፁ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሄደ። ዓይኗን ስትገልጥ ሁላችንም እናያታለን። አባቴ የማስነሻ ገመዱን እንደጨበጠ ደርቋል። እኔማ እስር ቤት ስንቅ ስናመላልስ ታየኝ።

ሊቀመንበሩ ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ አስቴር...»

«አቤት ጓድ።»

«ይሄ ድምፅ እያለልን ነው ባለፈው የኪነት ውድድር ከቀበሌዎች ሁሉ ጭራ የሆንነው?»

ሊቀመንበሩ ቆቡን መልሶ ደፋ።

«ነገ ልምምድ አለ፣ ይመጣሉ። ግጥሙን እኛ እንሰጥዎታለን። ዛሬ እንኳ... እኔ ሞተር ነው የሰማሁት።»

«ሞተሯ ናት ጓድ፣ አመሏ ነው» አለ አባቴ፣ ጸጥ ባለው ሐይቅ ላይ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አምላኩን አመስግኖ ዝም ይላል። እናቴ ግን ዘፈን በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ግጥሙ የእናንተ ከሆነ ዜማው የኔ ይሁን» አለች። ሰውየው ተስማማ። እሱ የሚያስበው ስለ ዋንጫው ነው።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ካኪ ለብሳ፣ ማይክራፎን ጨብጣ፣ ስለ ጥጥ ለቀማና ስለ ምርት ዘመቻ አወረደችው። ዜማው ግን ጸሎት ቤታችን የእሁድ ጉባኤ የሚዘጋበት መዝሙር ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት ማንጎራጎር ጀመረች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለው ሰውዬ፣ ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም... በመንገድ ስንገናኝ እንኳ ሰላም ለመባባል የምንፈራራ ምዕመናን እንባችንን እየጠረግን ስለ ጥጥ ዘመርን። ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ተነስቶ ሕዝቡ በስሜት መነካቱን ሲያይ የበለጠ አጨበጨበ።

እና ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረግነው በቀበሌ አዳራሽ፣ በጓድ ሊቀመንበሩ ጭብጨባ ነው።