የአባቴ የጽጌ ትንፋሽ

አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በዘጌ ማኅሌት ሲመሩ ፀጉራቸው ሸብቷል። ክረምቱ ወጥቶ ጽጌ ሲገባ እመቤታችንን በአበባ እየመሰሉ ይዘምራሉ፤ ያው አበባ ደግሞ አስማቸውን ይቀሰቅስባቸዋል። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ በዚህ ወራት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ሐኪም ሁለት የሚሳቡ መድኃኒቶች አዞላቸዋል። ሰማያዊው ሲያፍናቸው ነው፤ ቡናማው ግን ቢሻላቸውም ባይሻላቸውም ጧትና ማታ። ቡናማውን ሐምሌም ጳጉሜንም በሥርዓት ይስባሉ፤ አበባው ሲመጣ ይተዉታል። ስጠይቃቸው "ደኅና ነኝ" ይሉኛል፣ ደረታቸው በስልክ እያፏጨ።

ባለፈው ዓርብ ጧት ሰማያዊው ማለቁን ነገሩኝ። ገዝቼ በጀልባ ተሻገርሁ። ጀልባው የሚሄድም አልመሰለኝ፤ ብድግ ቁጭ ስል ባለጀልባው ተቆጣኝ። ስደርስ ተማሪዎቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዛፍ ሥር፣ የነገ ሌሊቱን ማኅሌት ይለማመዳሉ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ትንፋሽ ነገ ሌሊቱን ሙሉ ሊቆሙ ነው። ሰማያዊውን ሰጠኋቸው፤ ሳቡ፤ ቆይተው ትንሽ ቀለል አላቸው።

"ቡናማውስ?" አልሁ።

"ጾም ነው እኮ፣ ሥርጉት።"

"ሰማያዊውን አሁን ሳቡት አይደል?"

"እሱ ውኃ አይፈልግም። የቡናማውን ግን ነርሷ 'ከሳቡ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ፣ አለዚያ አፍ ያቆስላል' አለችኝ። ጠብታ ወደ ጉሮሮዬ ብታመልጥ ጾሜ ፈረሰ። ስለዚህ በጾም ተውሁት።"

ተናደድሁ። ለአንድ ጉንጭ ውኃ ሲሉ በየዓመቱ ጽጌን ታፍነው ከርመዋል፤ እኔም በየዓመቱ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የንስሐ አባታቸውን አባ ገብረ መስቀልን ከደጀ ሰላሙ ጠርቼ አመጣኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው።

አባ ወደ አባቴ ዞሩ። "ይህን ሁሉ ዓመት ስትናዘዝ ይህችን ለምን ደበቅኸኝ?"

"ምን ልበልዎ አባ? ጾሙ አቃተኝ ልበል?"

"ማታ በልተህ ስትጨርስ ሳበው። ጧትም ሳበው፣ ተጉመጥመጥና ትፋው። ብታመልጥህ በእኔ ይሁን፤ እኔ እጠየቅባታለሁ።"

አባቴ ተማሪዎቻቸውን ዞር ብለው አዩ። ዜማው ቆሟል፤ ሁሉም ያያሉ። ቡናማውን ከካባቸው ኪስ አውጥተው ሳቡ። ውኃ በጣሳ አቀረብሁላቸው። ተጉመጥምጠው ተፉ፤ እንደገና ተፉ፤ ምራቃቸው እስኪደርቅ ተፉ። ከዚያ ትልቁ መሪጌታ አንገታቸውን እንደ ሕፃን አቀርቅረው፣ "ገብታ ይሆን አባ?" አሉ።

"አልገባችም።"

እንባዬ መጣ። አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ጀመሩ። ሌላው ሰው ዜማውን ያዳምጣል። እኔ ከአንዱ ቃል እስከ ሌላው ያለችውን ትንፋሽ እጠብቃለሁ። መጣች። ደግሞ ጠበቅሁ።